መሬቱ ለማን ምን ይሠራል? የሥርዓተ ምህዳር አገልግሎቶችን ይዞ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድን በጋራ ማውጣት

የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ሲወጣ መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋው በቀለም የተከፋፈለ ካርታ ነው። አረንጓዴው ደን፣ ቢጫው እርሻ፣ ቀዩ መኖሪያ። ካርታው መሬቱ ላይ ምን እንዳለ ያሳያል። መሬቱ ለማን ምን እየሠራ እንደሆነ ግን አያሳይም። ረግረጉ "ክፍት ቦታ" ተብሎ ይታለፋል። ከሥሩ ያለውን ሰፈር ከጎርፍ ሲጠብቅ የኖረው እሱ መሆኑ የሚታወቀው አፈር ተሞልቶ ቤት ከተሠራበት በኋላ ነው።

የሥርዓተ ምህዳር አገልግሎት፣ ማለትም ተፈጥሮ ለሰው የምትሰጠው ጥቅም፣ የሚባለው አስተሳሰብ ይህን ክፍተት ለመሙላት ይረዳል። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው በ2005 ይፋ በሆነው የሚሌኒየም የሥርዓተ ምህዳር ግምገማ ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ1,300 በላይ ባለሙያዎች የተሳተፉበት ይህ ሥራ አገልግሎቶቹን በአራት ወገን ከፈላቸው። አቅርቦት፦ ምግብ፣ ውሃ፣ እንጨት። ማስተካከያ፦ ጎርፍ ማብረድ፣ አፈር መያዝ፣ ውሃ ማጣራት። ባህላዊ፦ አምልኮ፣ መዝናኛ፣ ከቦታ ጋር ያለ ትስስር። ደጋፊ፦ የአፈር መፈጠርና የንጥረ ነገሮች ዑደት። ከተመረመሩት 24 አገልግሎቶች 15ቱ እየተጎዱ ወይም ከአቅማቸው በላይ እየተበዘበዙ እንደሆነም አሳየ።

ይህን ዝርዝር ማወቅ ዕቅድ ማውጣት አይደለም። አገልግሎቶችን ዘርዝሮ የሚያልቅ ብዙ ሰነድ አለ፤ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። እኔ አጥብቄ የምይዘው አንድ ደንብ ነው፦ ተጠቃሚው ያልተለየ አገልግሎት ወደ ድርድሩ አይገባም። "ደኑ ውሃ ይይዛል" ማለት አይበቃም። ለማን? መቼ? ደኑ ቢመነጠር ማን ይከፍላል? ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ የሚያጠነጥኑት በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው።

ነገሩ እንዲጨበጥ አንድ የታሰበ ቦታ ይዘን እንሂድ። አንድ ተፋሰስ አለ እንበል። ከላይ ተዳፋት እርሻና የተረፈ ደን። መሐል ላይ በደረቅ ወቅት ከብት የሚሰማራበት ረግረግ። ከታች ከተማ፣ ከከተማው አጠገብ ደግሞ በደለል እየተሞላ ያለ ግድብ። ከተማው ረግረጉን ለመኖሪያና ለፋብሪካ ማስፋፊያ ይፈልገዋል።

ደረጃ 1፦ ከውሳኔው ጀምሩ

ብዙ ቡድን የሚጀምረው መረጃ በመሰብሰብ ነው። ሁሉንም እንለካ፣ ኋላ እንወስናለን ይባላል። ገንዘቡ በጥናቱ ያልቅና ለውይይቱ የሚተርፍ አይኖርም። መጀመሪያ ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በምሳሌያችን እንዲህ ይሆናል፦ "ረግረጉ በሚቀጥሉት 15 ዓመታት ለምን ይዋል? ከተማውስ በየት በኩል ይስፋ?"

ከዚያ ሦስት ነገሮች ግልጽ ይሁኑ። የመጨረሻውን ውሳኔ በሕግ የሚወስነው ማነው? መቼ? ለድርድር ክፍት የሆነው ምኑ ነው፣ ከወዲሁ ያለቀውስ ምኑ? የመጨረሻው ጥያቄ ደስ አይልም፣ ግን መዝለል አይቻልም። መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ተወስኖ ከሆነ ለሰዎች ንገሯቸው። ያለቀ ጉዳይ ላይ "እናማክራችሁ" ብሎ መጥራት እምነትን ይገድላል፤ ሰዎቹ ሁለተኛ አይመጡም።

ወሰኑንም እዚሁ ላይ አስምሩ። ሁለት ወሰን ያስፈልጋል። አንዱ ዕቅዱ ሥልጣን ያለው እስከየት ነው የሚለው ነው። ሌላው የመሬቱ ጥቅምና ጉዳት እስከየት ይደርሳል የሚለው ነው። ሁለቱ አይገጣጠሙም፤ ውሃ የአስተዳደር ድንበር አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ማን ይቀመጥ?

አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። መሬቱን የሚይዘው ወይም የሚጠቀምበት፣ ከመሬቱ ጥቅም የሚያገኘው፣ ለውጥ ቢመጣ ጉዳቱን የሚሸከመው፣ በሕግ የሚወስነው። አንድ ቡድን በሁለት ዓምድ ሊገባ ይችላል። በ"ጉዳት የሚሸከመው" ውስጥ ያለ፣ በ"የሚወስነው" ውስጥ ግን የሌለ ካለ፣ ስብሰባው ላይ ድምፁ እንዲሰማ ልዩ ጥረት የሚጠይቀው እሱ ነው።

የሚረሱት ብዙውን ጊዜ የታወቁ ናቸው። በዓመት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚመጡ ከብት አርቢዎች። የመሬት ወረቀት የሌላቸው ተከራዮች። ውሃና ማገዶ የሚሸከሙ ሴቶች። የእጅ ጉድጓድ ውሃ የሚጠጡ የከተማው ዳር ነዋሪዎች። እነዚህን በትልቁ አዳራሽ ወንበር መስጠት ብቻ አይበቃም። አዳራሽ ውስጥ የሚናገረው መናገር የለመደ ሰው ነው። በየቡድናቸው፣ በሚመቻቸው ሰዓት፣ በሚናገሩት ቋንቋ አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው። ከዚያ የራሳቸውን ነጥብ ይዘው ወደ ጋራው ስብሰባ ይግቡ።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚወስን የኒው ዮርክ ከተማ ታሪክ ያሳያል። ከተማዋ የመጠጥ ውሃዋን በአብዛኛው የምታገኘው ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች ነው። ውሃውን ለማጣራት ጣቢያ ትገንባ ቢባል ወጪው በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነበር። የላይኛውን ተፋሰስ መጠበቅ ከዚያ በጣም ይረክሳል። ስሌቱ ግልጽ ነው፣ ግን ስሌት ብቻውን አልሠራም። ከተማዋ በ1990 የላይኞቹን አርሶ አደሮችና ትንንሽ ከተሞች የሚገድብ ረቂቅ ደንብ ስታወጣ ብርቱ ተቃውሞ ገጠማት። ቂሙ የቆየ ነበር፤ የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ ሲሠሩ መንደሮች ተነቅለዋል። መፍትሔው የመጣው በ1997 በተፈረመ ስምምነት ነው። ከተማዋ ለጥበቃ መሬት የምትገዛው ፈቃደኛ ከሆነ ሻጭ ብቻ ሆነ። ውሃውን ከእርሻ ብክለት የሚጠብቀውን መርሐ ግብር አርሶ አደሮቹ ራሳቸው እንዲመሩት፣ ወጪውን ከተማዋ እንድትሸፍን ተደረገ። ይህ ታሪክ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የተቆጠበው ገንዘብ ነው። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ደንብ በማውጣትና በመፈራረም መካከል ያለፉት ዓመታት ናቸው።

ደረጃ 3፦ አገልግሎቶቹን ከሰዎች አፍ አውጡ

የታተመ ዝርዝር ይዛችሁ አትግቡ። ዝርዝሩን ካነበባችሁላቸው ሰዎች ራስ ይነቀንቃሉ፣ ሁሉንም "አዎ፣ ይጠቅመናል" ይላሉ። በምትኩ እንዲህ ጠይቁ። ከዚህ ቦታ ምን ታገኛላችሁ? በየትኛው ወር? ቢቀር ከየት ታመጡታላችሁ? ለማምጣት ምን ያህል ጊዜ ወይም ገንዘብ ይወስዳል? በአባቶቻችሁ ጊዜ ከነበረው ምን ቀረ?

"ቢቀር ከየት ታመጡታላችሁ" የሚለው ጥያቄ በተለይ ዋጋ አለው። መልሱ "ምንም አማራጭ የለንም" ከሆነ ያ አገልግሎት ለእነሱ የሕልውና ጉዳይ ነው። "ገበያ እንገዛለን" ከሆነ ደግሞ በካሳ ሊተካ ይችላል። ልዩነቱ ኋላ ድርድሩ ላይ ወሳኝ ነው።

የታተመውን ዝርዝር የምታወጡት ከዚህ በኋላ ነው፣ ያልተነሳ ነገር ካለ ለማጣራት። ሰው ቀድሞ የሚያነሳው የሚበላውንና የሚሸጠውን ነው። የማስተካከያ አገልግሎቶች እስካሉ ድረስ አይታዩም። ረግረጉ ጎርፍ እንደሚያበርድ፣ ከላይ የሚመጣውን ደለል እንደሚያስቀር፣ የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚሞላ ለማሰብ ማስታወሻ ያስፈልጋል። ንቦችና ሌሎች ነፍሳት የአበባ ብናኝ ማዳረሳቸውም እንደዚሁ ነው። በዓለም ካሉት ዋና ዋና የምግብ ሰብል ዓይነቶች ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ በከፊል በዚህ ላይ ይመካሉ። ነፍሳቱ ማሳው ዳር ያለውን ቁጥቋጦ ሲያጡ ግን "አገልግሎት ተቋረጠ" የሚል ደወል አይደወልም።

ጉዳቱንም መዝግቡ። ከደን ወጥቶ ሰብል የሚያወድም አውሬ፣ ከረግረግ የሚመጣ የወባ ትንኝ። ይህን ዘሎ ጥቅሙን ብቻ የሚዘምር ባለሙያ እዚያ ለሚኖረው ሰው አይታመንም።

አሁን እያንዳንዱን አገልግሎት በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፣ ምንጩን፣ ተጠቃሚውንና ጊዜውን ጨምራችሁ። ለምሳሌ፦ "ረግረጉ በከባድ ዝናብ ወራት የጎርፉን ጉልበት ስለሚያበርድ በወንዙ ዳር ያሉ ቤቶች አይጥለቀለቁም።" እንዲህ ሊጻፍ ያልቻለውን ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። ከቀሩት ለውሳኔው የሚመለከቱትን ከአምስት እስከ ስምንት ምረጡ። ከዚያ ከበዛ ስብሰባ ላይ የሚከታተለው አይገኝም። ደጋፊ የሚባሉትን ለብቻ አትቁጠሩ። የአፈር ለምነት ዋጋው በምርቱ ውስጥ አለ፤ ሁለቱንም ከደመራችሁ አንዱን ነገር ሁለቴ ቆጠራችሁ።

ደረጃ 4፦ ካርታ ላይ አውርዱት

ለእያንዳንዱ አገልግሎት ሦስት ቦታ ይፈለጋል፦ የሚመነጭበት፣ የሚያልፍበት፣ የሚደርስበት። ደለል የሚነሳው ከተዳፋቱ እርሻ ነው። በረግረጉ ያልፋል፤ ከፊሉ እዚያ ይቀራል። ቀሪው ግድቡ ይገባል። ሦስቱ በቀስት ሲያያዙ የላይኛውና የታችኛው ሰው ግንኙነት ያለ ብዙ ንግግር ይታያል።

መሣሪያው ውድ መሆን የለበትም። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል እስከ 10 ሜትር ጥራት ያለው ሲሆን በነጻ ይገኛል። የላንድሳት ሳተላይቶች ምስሎች ደግሞ እስከ 1972 ወደ ኋላ ስለሚሄዱ ለውጡን ለማሳየት ተወዳዳሪ አይገኝላቸውም። ምስሉን በትልቅ ወረቀት አሳትሙ፣ በላዩ ላይ ወደ ታች የሚያሳይ ላስቲክ አንጥፉ፣ እስክሪብቶውን ለነዋሪዎቹ ስጡ። ከዚያ አብራችሁ ከላይ እስከ ታች በእግር ውረዱ። በወረቀት ላይ አንድ የነበረ "ቁጥቋጦ" በእግር ሲታይ ሦስት ዓይነት መሬት ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ። ሁሉም ነገር ካርታ ላይ መውጣት የለበትም። የአምልኮ ስፍራ፣ ውድ የመድኃኒት ተክል የሚበቅልበት ቦታ፣ በችግር ጊዜ ብቻ የሚከፈት የውሃ ጉድጓድ ይፋ ከወጣ ሊጎዳ ይችላል። ምን እንደሚመዘገብና ማን እንደሚያየው ባለቤቶቹ ይወስኑ።

በፍጥነት ለማነጻጸር ቀላል ሰንጠረዥ አለ። በጎን የመሬት ዓይነቶችን፣ በላይ አገልግሎቶቹን አስቀምጡና ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ስጡ። ባለሙያዎችና ነዋሪዎች ለየብቻ ይሙሉት። ሁለቱ የተስማሙበትን እለፉት። የተለያዩበት ሳጥን ላይ ግን ቆዩ። ወይ አንዱ ወገን የማያውቀው ነገር አለ፣ ወይ ሁለቱ ስለተለያየ ጊዜ እያወሩ ነው።

ደረጃ 5፦ ውሳኔው የሚጠይቀውን ያህል ብቻ ለኩ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው መንገድ ይስታል። ሞዴል፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚሠራ ግምታዊ ስሌት፣ መሥራት ያጓጓል፣ ካርታዎቹም ያምራሉ። ግን ጥያቄው "ይህ ቁጥር ቢቀየር ውሳኔው ይቀየራል?" ነው። የማይቀይር ከሆነ አትለኩ።

የሚቀይር ከሆነ ከቀላሉ ጀምሩ። ለአፈር መከላት የታወቀው ስሌት የዝናቡን ጉልበት፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የተዳፋቱን ርዝመትና ቁልቁለት፣ ሽፋኑንና የጥበቃ ሥራውን አባዝቶ ከአንድ ሄክታር በዓመት ስንት ቶን እንደሚታጠብ ይገምታል። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የናቹራል ካፒታል ፕሮጀክት ያዘጋጀው ኢንቬስት የተባለ ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል፤ የደለልን፣ የውሃንና የሌሎች አገልግሎቶችን ሁኔታ በካርታ ያወጣል። እንዲህ ያሉ ስሌቶች "የትኛው ቦታ ይብሳል" ለሚለው ጥያቄ ጥሩ መልስ አላቸው። "በትክክል ስንት ቶን" ለሚለው ግን በቦታው ካልተፈተሹ አትመኑባቸው። የግድቡ የደለል ጥልቀት ከተለካ፣ ያ አንድ ቁጥር ከአሥር ካርታ ይበልጣል።

በተለይ ስለ ዛፍና ውሃ የተለመደ አባባል ይዛችሁ አትነሱ። "ዛፍ ከተተከለ ምንጩ ይመለሳል" የሚለው ሁሌ አይሠራም። ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎች ብዙ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሣር ወይም ቁጥቋጦ በነበረበት መሬት ላይ ሲተከሉ የወንዙን ፍሰት ሊቀንሱት ይችላሉ። ደቡብ አፍሪካ ከ1995 ጀምሮ ውሃ ለማትረፍ ከውጭ የመጡ ወራሪ ዛፎችን የምታስቆርጥበት ትልቅ መርሐ ግብር አላት። በሌላ በኩል የተራቆተ መሬት በጥንቃቄ ሲያገግም ዝናቡ ወደ አፈር መስረጉ ሊሻሻል ይችላል። ስለዚህ የትኛው ዛፍ፣ በምን ቦታ፣ ምን ተክቶ የሚለው ይጠየቅ።

ሁሉንም ወደ ገንዘብ ለመቀየርም አትቸኩሉ። በ1997 የወጣ አንድ ዝነኛ ጥናት የዓለምን የሥርዓተ ምህዳር አገልግሎቶች በዓመት በአማካይ 33 ትሪሊዮን ዶላር ገምቶ ነበር። ትኩረት ለመሳብ ጠቅሟል። አንድ ረግረግ ይሞላ አይሞላ ለሚከራከሩ ሰዎች ግን የሚነግራቸው የለም። ለጎርፍ "ስንት ቤት፣ ስንት ጊዜ"፣ ለውሃ "ስንት ቀን ምንጩ ይደርቃል"፣ ለግጦሽ "ስንት ከብት ለስንት ወር" ይበቃል። ለአምልኮ ስፍራ ዋጋ ማውጣት ደግሞ ስድብ ሊሆን ይችላል። በቃላት ይጻፍ፣ ከቁጥሮቹ እኩል ቦታ ይሰጠው።

ደረጃ 6፦ አማራጮችን ጎን ለጎን አስቀምጡ

ሁለት አማራጭ ብቻ ከቀረበ ክርክሩ "ልማት ወይስ ተፈጥሮ" ሆኖ ይደርቃል። ሦስት ወይም አራት አድርጉት፤ አንዱ "ምንም ካልተደረገ" የሚለው ይሁን። በምሳሌያችን፦ ረግረጉ ሙሉ በሙሉ ይሞላል፤ ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል፤ ከተማው ወደ ሌላ በኩል ይሰፋል፣ ረግረጉ በተወሰነ ደንብ ለግጦሽ ይቀጥላል፤ እንዳለ ይተዋል፣ ቁራሽ በቁራሽ ይያዛል።

የመካከለኛው አሜሪካዋ ቤሊዝ የባሕር ዳርቻ ዕቅዷን ያወጣችው በዚህ መንገድ ነው። ዳርቻው በዘጠኝ የዕቅድ ክልሎች ተከፍሎ ጥበቃን የሚያስቀድም፣ ልማትን የሚያስቀድምና ሁለቱን ለማስታረቅ የሚሞክር አማራጭ ቀረበ። ሎብስተር የተባለው የባሕር እንስሳ ምርት፣ ቱሪዝምና ዳርቻውን ከማዕበል የመከላከል አቅም በእያንዳንዱ ምን እንደሚሆኑ ተሰላ። አስታራቂው አማራጭ ከሕዝብ አስተያየት በመጣ ቁጥር እየታረመ እንደገና ተሰላ። ዕቅዱ በ2016 ጸደቀ። ልብ ልትሉት የሚገባው ማረሙ ነው። ሞዴሉ አንዴ ተሠርቶ ውጤቱ "ይኸው" ተብሎ አልቀረበም።

ውጤቱን ስታቀርቡ ለጠቅላላው ብቻ አትደምሩ። በየቡድኑ ለዩት። "በአጠቃላይ ጥቅሙ ይበልጣል" የሚል ድምር ከብቱን የሚያጣውን ሰው ይደብቀዋል። በእያንዳንዱ አማራጭ ማን ያገኛል፣ ማን ያጣል፣ መቼ የሚለው በአንድ ገጽ ይውጣ። ስለ ግምቱ ያላችሁ እርግጠኝነትም ጎኑ ላይ ይጻፍ፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ።

ደረጃ 7፦ ድርድሩ

መጀመሪያ ለድርድር የማይቀርበውን ለዩ። የመጠጥ ውሃ ምንጭ፣ የሰው ሕይወት የሚያጠፋ የጎርፍ አደጋ፣ አንዴ ከጠፋ የማይመለስ ነገር፣ በሕግ የተጠበቀ መብት። እነዚህን የሚጥስ አማራጭ ከጠረጴዛው ይነሳል። ከዚያ በቀሩት ላይ መስጠትና መቀበል ይቻላል።

አወያዩ ከውጤቱ የሚጠቀም ሰው መሆን የለበትም። ሰዎች "ይህን እፈልጋለሁ" ሲሉ "ለምን ይጠቅምዎታል?" ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይጠይቅ። ከብት አርቢው ረግረጉን ይፈልጋል። ሲጠየቅ ግን የሚፈልገው በደረቁ ወቅት ውሃና ሣር የሚያገኝበት ዋስትና ሊሆን ይችላል። ከንቲባው የሚፈልገው ረግረጉን ሳይሆን ለሥራ አጡ ወጣት የሚሆን የፋብሪካ ቦታ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ሲደረስ ሌላ ቦታም መልስ ሊሆን ይችላል።

ከላይ ያለው ሰው መሬቱን በሚይዝበት መንገድ ምክንያት ከታች ያለው የሚጠቀም ከሆነ ክፍያ ይነሳል። ኮስታ ሪካ በ1996 ባወጣችው የደን ሕግ ደን ለሚሰጣቸው አራት ነገሮች እውቅና ሰጠች፦ ምድርን የሚያሞቁትን የግሪንሃውስ ጋዞች መቀነስ፣ ውሃን መጠበቅ፣ ብዝኃ ሕይወትና የመልክዓ ምድር ውበት። ለባለይዞታዎች የሚከፈለው ገንዘብ ዋና ምንጭ የነዳጅ ታክስ ሆነ። ክፍያ ግን የራሱ መዘዝ አለው። ገንዘቡ የሚሄደው ወረቀት ወዳለው ነው። መሬቱ ድንገት ዋጋ ሲያወጣ ተከራዩና በልማድ የሚጠቀመው ሊባረሩ ይችላሉ። የይዞታው ጥያቄ ሳይጠራ ክፍያ አትጀምሩ። ገንዘብ ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ የግጦሽ ምትክ፣ የውሃ መስመር፣ ሥልጠና፣ የጋራ ደንብም አለ።

ያልተስማማችሁበትንም ጻፉ። ሁሉም እንደተስማማ የሚያስመስል ቃለ ጉባኤ ኋላ ፍርድ ቤት ወይም ጭቅጭቅ ላይ ይመለሳል።

ደረጃ 8፦ ወደ ሰነዱ

"ረግረጉ ይጠበቃል" የሚል ሐረግ ማንንም አያስገድድም። ምን ይፈቀዳል፣ ምን ይከለከላል፣ ከወንዙ ዳር ስንት ሜትር ሳይታረስና ሳይገነባ ይቀራል፣ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው፣ ለጥሰቱ ቅጣቱ ምንድን ነው፣ በጀቱ ከየት ይመጣል የሚሉት በቁጥርና በስም ይገቡ። ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን የሚጠበቀው አገልግሎትና ተጠቃሚው በአንድ መስመር ይጠቀስ። ከአምስት ዓመት በኋላ አዲስ ሹም መጥቶ "ይህ 30 ሜትር ለምንድን ነው?" ሲል መልሱ እዚያው ይገኛል።

ደረጃ 9፦ ክትትል

ለእያንዳንዱ የተመረጠ አገልግሎት አንድ መለኪያ ይበቃል፣ ነዋሪው ራሱ ሊለካው የሚችል ቢሆን ይመረጣል። ድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቀባ የውሃ ከፍታ ምልክት። ምንጩ የደረቀባቸው ቀናት በደብተር። በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከአንድ ቦታ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚነሳ ፎቶ። የግድቡ የደለል ልኬት በየጥቂት ዓመቱ። መነሻው ዕቅዱ ከመተግበሩ በፊት ካልተለካ ኋላ የሚነጻጸርበት አይኖርም።

ዕቅዱ የሚከለስበትን ቀን ከወዲሁ ወስኑ። ከቀኑ በፊት እንዲከለስ የሚያስገድዱ ሁኔታዎችንም ጻፉ፦ ውሃው ከምልክቱ በላይ ሁለት ዓመት በተከታታይ ካለፈ፣ ምንጩ ከተስማማችሁበት ቀን በላይ ከደረቀ፣ ቃል የተገባው የግጦሽ ምትክ በተባለው ጊዜ ካልቀረበ። ስብሰባውን የሚጠራው ማን እንደሆነና ጥሪው እነማን ዘንድ መድረስ እንዳለበት በደረጃ 2 ካወጣችሁት ዝርዝር ጋር አያይዙት። ዝርዝሩም ራሱ በየክለሳው ይታይ፤ በመካከሉ አዲስ ሰፋሪ ይመጣል፣ የድሮው ይለቃል።